ባዱጊ፦ ጥንድ የማይወድ ፖከር

ፖከር የለመደ ሰው ጥንድ ካርታ ሲደርሰው ፊቱ ይፈካል። ሁሉም በአንድ ምልክት ከመጡለትማ ደስታውን መደበቅ ያቅተዋል። በባዱጊ ግን ሁለቱም መርዶ ናቸው። ስሙ ከኮሪያ ጋር የሚነሳው ይህ ጨዋታ የፖከርን ሕግ ስለሚገለብጥ፣ ቤት ውስጥ ከወዳጅ ጋር ለመጫወት ይመቻል፤ ነባሩም ጀማሪውም ሀ ብለው ይጀምራሉ።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ ይታደላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ የጋራ ካርታ የለም። የሚፈለገው ምልክታቸው አራት ዓይነት የሆነ፣ ቁጥራቸው የማይደገም፣ ዝቅ ያሉ ካርታዎች መያዝ ነው። አራቱም በምልክትም በቁጥርም ሲለያዩ «ባዱጊ» ይባላል። አስ ከሁሉም ታንሳለች፤ ስለዚህ አስ፣ 2፣ 3 እና 4 በአራት ምልክት ከመጡ የሚበልጣቸው የለም። ከ52 ካርታ 270,725 ዓይነት የአራት ካርታ ድልድል ሊወጣ ይችላል፤ ባዱጊ የሚሆነው 17,160ው ብቻ ነው። መቶ ጊዜ ቢታደል ስድስቴ ያህል መሆኑ ነው።

ባዱጊ ያልሞላለትም ተስፋ አይቆርጥም። ምልክት ወይም ቁጥር ከተደገመ አንዱ ካርታ ይሰረዝና በቀሩት ይወዳደራል። አራት ካርታ ሦስትን፣ ሦስት ደግሞ ሁለትን ሁልጊዜ ያሸንፋል። የካርታው ብዛት እኩል ሲሆን ትልቁ ካርታ ይነጻጸራል፤ ያነሰው ያሸንፋል።

ከድልድሉ በኋላ ሦስት ጊዜ ካርታ መቀየር ይቻላል። ማስያዙ አራት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከመጀመሪያው ቅያሪ በፊት፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ። በተለመደው አጨዋወት መጠኑ የተወሰነ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ለምሳሌ ሁለት ቺፕ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አራት ቺፕ።

የልብ 2፣ የጦር 5፣ የልብ 9 እና የአበባ ንጉሥ ደረሰህ እንበል። ልብ ተደግሟል፤ ንጉሡም ከባድ ነው። 9ኙንና ንጉሡን ጥለህ ሁለት ስትቀይር የዳይመንድ 3 እና የጦር 8 መጡ። ጦር ስለተደገመ 8ቱ ይወጣል። አሁን የሚጎድልህ አበባ ብቻ ነው፤ ግን 2፣ 3 እና 5 አይረቡህም፣ ንጉሡንም ቀድመህ ጥለኸዋል። ካላየሃቸው 46 ካርታዎች የሚያድኑህ ዘጠኝ ናቸው። በቀሩት ሁለት ቅያሪዎች የመሙላት ዕድልህ ከሦስት አንድ ገደማ ነው።

የጨዋታው ጣዕም ግን ያለው ከስሌቱ ይልቅ በቅያሪው ብዛት ላይ ነው። ማን ስንት እንደቀየረ ሁሉም ያያል። ሁለት የጠየቀ ደካማ ነው፤ አንድ የጠየቀ ሦስት ይዟል፤ «አልቀይርም» ያለ ሞልቶለታል፤ ወይም ሞልቶልኛል እያለ ነው። ሦስት ንጉሥ ይዞ ሳይቀይር የሚቀመጥና የሚያስይዝ ሰው ጎረቤቱን ጥሩ ካርታ ሊያስጥለው ይችላል። እርግጥ ብልሃቱ የሚሠራው አልፎ አልፎ ሲደረግ ነው፤ ሁሌ ሳይቀይር የሚቀመጥ ሰው ማንንም አያስደነግጥም።

ለመጀመሪያ ምሽት ስድስት ሰው ይበቃል። የሚቀየረው ካርታ ካለቀ የተጣለው ተበውዞ ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ያለ ቺፕ፣ ካርታውን ገልጦ መጫወት ይሻላል፤ «ይሄኛው ለምን ተሰረዘ?» የሚለው ክርክር ገንዘብ ከመያዙ በፊት ይለቅ።