ስሙኒ፦ በሥርወ ቃሉ ስምንተኛ፣ በዋጋው ሩብ

የገንዘብ ስም ከዋጋው ጋር ዘወትር አይሄድም። በመርካቶ ገበያ 25 ሳንቲም «ስሙኒ» ሲባል ኖሯል፤ ቃሉ ግን ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ፍችው አንድ ስምንተኛ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የብር ስምንተኛ የነበረው «ተሙን» የዚሁ ዘመድ ነው። 50 ሳንቲም «ሽልንግ» መባሉም ከምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የተወረሰ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ሁለት ሽልንግ ለአንድ ብር ተመንዝሯልና። የጥንት ግሪኮች ድራክማም ስሙ «እፍኝ» ማለት ሲሆን፣ ዋጋው ስድስት ኦቦል ነበር።

እንግዲህ ተርጓሚ «ስሙኒ»ን «የብር ስምንተኛ» ብሎ ቢፈታው ዋጋውን በግማሽ ያጎድላል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ሥርወ ቃሉና ምንዛሪው ለየብቻ እንዲሰፍሩ እናሳስባለን።