ግርዱ ወዴት ይሄዳል?

የአርሲ ስንዴ አምራች ዋግን ጠንቅቆ ያውቃል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን ከመታ ወዲህ ቅጠልና ግንድ እያገላበጡ መፈተሽ፣ ምልክቱ እንደታየም ፈጥኖ መርጨት የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ስንዴን የሚጎዳ ሌላ በሽታ ግን አለ። ባለሙያዎች የዛላ ፉዛሪየም ይሉታል። በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚያጠቃው ዛላውን ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል አያድነውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምርት ቀንሶ ብቻ አለመተዉ ነው፤ በተሰበሰበው እህል ውስጥ መርዝ ይተዋል። በሽታው በደቡብ ምዕራብ የሀገራችን የስንዴ ማሳዎች ላይ መኖሩን ተመራማሪዎች በጥናት አረጋግጠዋል።

በመርቲ ወረዳና በከተማዋ አቦምሳ ዙሪያ ጉዳዩ ልዩ ትኩረት ይሻል። አካባቢው ከአሰላ ደጋዎች ዝቅ ያለ በመሆኑ ከስንዴ ጎን በቆሎና ማሽላም ይመረታል። ይኸው ፈንገስ በቆሎንም ያጠቃል። በማሳ ላይ በቀረ የበቆሎ አገዳና የስንዴ ገለባ ላይ ከርሞ፣ ዝናብና ነፋስ ሲያገኝ በሚቀጥለው ወቅት ያበበውን ስንዴ ይይዛል። በአሜሪካ ሚኒሶታና ሰሜን ዳኮታ ግዛቶች በ1993 እ.ኤ.አ. በአንድ የምርት ዘመን ከፍተኛ ጥፋት የደረሰው ዝናቡ በበዛበትና የሰብል ቅሪቱ በማሳ ላይ በቀረበት ሁኔታ ነበር።

ምልክቱን መለየት አያስቸግርም። ስንዴው ገና አረንጓዴ ሳለ የዛላው ከፊል ብቻ ነጥቶ ይታያል። እርጥበት ካለ በነጣው ክፍል ሥር ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ይኖራል። ዛላው በሙሉ ነጥቶ፣ አገዳውም ደርቆ፣ ሲስቡት በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ ግን ችግሩ የሥር መበስበስ ወይም ተባይ ሊሆን ይችላል። በበሽታው የተያዘው ፍሬ ሲወቃ የተጨማደደ፣ ቀላልና ኖራ የተቀባ የሚመስል ሆኖ ይወጣል።

የመከላከያው ጊዜ አጭር ነው። በሽታው የሚገባው በአብዛኛው ስንዴው በሚያብብበት ወቅት፣ አየሩ ሞቅ ብሎ ዛላው ለሁለትና ሦስት ቀን ከረጠበ ነው። ስለዚህ እንደ ቴቡኮናዞል ያሉ ጸረ ፈንገሶች የሚጠቅሙት አበባው መታየት በጀመረባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ሲረጩ ነው። ለዋግ ተብሎ ቀደም ብሎ ቅጠል ላይ የተረጨው ገና ያልወጣውን ዛላ አይጠብቅም። የስትሮቢሉሪን ወገን የሆኑት ደግሞ ዛላ ከወጣ በኋላ ሲረጩ መርዙን ሊጨምሩ ስለሚችሉ ለዚህ በሽታ አይመከሩም። በሽታውን ፈጽሞ የሚቋቋም የስንዴ ዝርያ እስካሁን የለም። በመሆኑም በቆሎ በተነሣበት መሬት ላይ ስንዴን አለማስከተል፣ በመካከል ባቄላ፣ አተር፣ ተልባ ወይም ጎመንዘር ማፈራረቅ፣ የበቆሎ አገዳውንም ከማሳው ማንሣት ወይም አርሶ መቅበር የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው።

ፈንገሱ የሚተወው ዋነኛ መርዝ ዲኦክሲኒቫሌኖል ይባላል። በብዛት ሲበላ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ወደ ማቀነባበሪያ በሚገባ ስንዴ፣ በቆሎና ገብስ ውስጥ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ ግራም እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህ በአንድ ኩንታል ሲሰላ ከ0.2 ግራም አይበልጥም። ለሕፃናት በሚዘጋጅ የእህል ምግብ ደግሞ ጣሪያው ወደ 0.2 ሚሊ ግራም ይወርዳል። መርዙ ሙቀትን ስለሚቋቋም ዳቦ መጋገርም ሆነ ገንፎ ማገንፋት አያጠፋውም። ከገብስ ወደ ብቅል፣ ከብቅልም ወደ መጠጥ ሊሻገር ስለሚችል፣ ለብቅል ፋብሪካ ገብስ የሚያመርቱ የአርሲ አርሶ አደሮችም ይመለከታቸዋል።

እንክርዳድ የገባበት እንጀራ እንደሚያዞር እናቶቻችን ስለሚያውቁ ለቅመው ያወጡታል። ይህኛው ግን በጣዕም አይታወቅም፤ ዘግይቶ የተያዘ ፍሬም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ቢሆንም መርዙ በብዛት የሚገኘው በተጨማደደውና በቀላሉ ፍሬ ላይ ስለሆነ፣ በሚገባ ማዝራትና ማበጠር ወይም የኮምባይነሩን ነፋስ ከፍ ማድረግ ከምርቱ ብዙውን ያስወጣል።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ምርቱ ወደ ገበያ ሲሄድ ግርዱ ወዴት ይሄዳል? በየቤቱ መልሱ ይታወቃል። ወይ ለከብትና ለዶሮ ይሰጣል፣ ወይ ለጠላ ይውላል፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ተፈጭቶ ለቤተሰብ ይቀርባል። በበሽታ ከተመታ ማሳ የወጣ ግርድ ከሆነ፣ መርዙ ይበልጥ የተከማቸበት ክፍል ከብዙ ድካም በኋላ ተመልሶ ለቤት ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግርድ ሳይመረመር ለምግብም ለመኖም ሊውል አይገባም፤ ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር ይሻላል። የቀረውም ምርት እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪወርድ ደርቆ መከተት አለበት።

ይህን ሁሉ በአርሶ አደሩ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። አበጥሮ የሸጠ ኪሎው ቀንሶበት፣ ሳያበጥር ከሸጠው ጋር በአንድ ዋጋ የሚገዛው ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያበጥራል? ዩኒየኖችና ገዢዎች ለንጹሕ እህል የዋጋ ልዩነት ሊያደርጉ ይገባል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በየቀበሌው ስንዴ የሚያብብበትን ሳምንት መዝግበው የልማት ሠራተኞችን በዚያው ሳምንት ማሰማራት፣ የእርጥበት መለኪያ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳረስ፣ አጠራጣሪ ናሙናንም እንደ ቁሉምሳ ላሉ የምርምር ማዕከላት ማድረስ ይጠበቅባቸዋል።

ለዋግ የተለመደው ንቃት ለዚህም ያስፈልጋል። ልዩነቱ የዋግ ኪሳራ በኩንታል ሲቆጠር፣ የዚህኛው ግን ከአውድማ አልፎ ማዕድ ድረስ መዝለቁ ነው።