ዜማ፣ ጉባኤና የወጣቶች ግብረ ገብ፦ በሲያትል ከሚታየው በመነሣት

ስደተኛ ኅብረተሰብ ለልጆቹ ሊያወርስ ከሚሻቸው ነገሮች መካከል ቋንቋና ሃይማኖት በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው። በሁለቱም ረገድ በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተስፋችንን የጣልነው በየሳምንቱ መጨረሻ በሚካሄዱ መንፈሳዊ ጉባኤያትና በእነርሱ ውስጥ በሚሰማው መዝሙር ላይ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚወስዱበትን ምክንያት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ጨዋ እንዲሆኑልን» የሚል ነው። መልሱ አጭር ቢሆንም ከባድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ዜማ ሰውን ጨዋ የሚያደርገው በምን መንገድ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በሲያትል ከተማ ከሚታየው ሁኔታ ጋር አያይዘን ለማብራራት እንሞክራለን። የምንከራከርበት ነጥብ የመዝሙሩ ቃል ብቻውን ጠባይን እንደማይቀርጽና ዋናው ቀራጭ ወጣቱ በጉባኤው ውስጥ የሚሰጠው ሥራ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ዜማ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች ደረሰ። ይህን ዜማ ጠንቅቆ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ለድጓው ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋሙ ወደ ጎንደር ይሄዳል። እዚያም የሚማረው ዜማ ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ከእርሱ የቀደመው ተማሪ ያቀናዋል፤ እርሱም በተራው ከኋላው የመጣውን ያስጠናል። አንድ ሰው ተማሪም መምህርም ሆኖ የሚያድግበት ሥርዓት ነው።

ማኅሌቱም ራሱ የጠባይ ትምህርት ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከመሪጌታው ጋር ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስ ይቀበላል። ዜማው በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ በመረግድ እየሞቀ ሄዶ በጽፋት፣ በጭብጨባ፣ ይፈጸማል። ከበሮውን የያዘው ሰው ከቸኮለ ረድፉ በሙሉ ይናጋል። ከጎረቤቱ በላይ ጮኾ ለመታየት የሚሞክረውም ወዲያው ይታወቅበታል፤ የሚታረመውም በአደባባይ ነው። ትዕግሥት፣ ማዳመጥ፣ ተራን መጠበቅ፣ ሲታረሙ አለመቆጣት በዚህ ቦታ በስብከት አይነገሩም፤ በእግርና በእጅ ይለመዳሉ። የግሪኮቹ ፈላስፎች ስለ ዜማና ስለ ጠባይ ብዙ መጻፋቸው ይታወቃል፤ በእኛ አገር ግን ጉዳዩ ከመጻፍ ይልቅ በመቆም ተገልጧል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁንና ይህ ሥርዓት በአብዛኛው ለክህነት አገልግሎት የሚዘጋጁ ወንዶች ሥርዓት ነበር። የከተማው ወጣት፣ ይልቁንም ወጣቷ ሴት፣ ቆማ የምታዳምጥ እንጂ የምትዘምር አልነበረችም። ይህን የለወጠው የሰንበት ትምህርት ቤቶች መስፋፋት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች መካከል የተመሠረተው ሃይማኖተ አበው የተማረውን ወጣት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አገናኘ፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶችም ወንዱና ሴቷ በአማርኛ መዝሙር አብረው ለመቆም በቁ። ደርግ ወጣቱን በራሱ ርእዮተ ዓለም ለመቅረጽ በሚደክምበት ዘመን እነዚህ ጉባኤያት ጸንተው ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ በማሠልጠኛው ውስጥ ለጸሎትና ለመዝሙር ይሰበሰቡ የነበሩት ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነዋል። እነዚያን ወጣቶች የሰበሰባቸው የበላይ አካል አልነበረም፤ የጸሎቱን ሰዓት የወሰኑትም መዝሙሩን ያነሡትም ራሳቸው ነበሩ።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩልም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የወጣቶች ኳየር ከስብከቱ ባልተናነሰ ሁኔታ ምእመኑን ያጸና ኃይል ሆኖ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ማሳለፉን የዚያ ትውልድ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ መንዙማ ያልተማረው ሰው ሃይማኖቱን በቃሉ የሚይዝበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ሼህ ጠልሃ ጀዕፈርን የመሳሰሉ ሊቃውንት የአማርኛውን ግጥም በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ አስተላልፈዋል። ተቀባዩ ሕዝብ ባይኖር መንዙማው መንዙማ ባልሆነ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር ይታያል፤ መሪ አለ፣ ተቀባይም አለ፣ ተቀባዩም ነገ መሪ ለመሆን ይችላል።

ይህ ቅርስ ሲያትል ሲደርስ ያጋጠመው ሁኔታ ልዩ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በዚህች ከተማ የነበሩት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ ቁጥራቸው እየበረከተ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1983ም የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማኅበር ተቋቋመ። መኖሪያቸውም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ይኖሩበት በነበረው የመካከለኛው ሰፈር፣ በቼሪ ጎዳና አካባቢና በሬኒየር ሸለቆ ነበር። የቤት ኪራይ እያሻቀበ ሲሄድ ግን ብዙው ቤተሰብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ተክዊላና ወደ ኬንት ተገፋ። ነገሩ የመልክዓ ምድር ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በእግሩ ሄዶ ደጀ ሰላም የሚደርስ ልጅና ወላጁ ከሌሊት ሥራ እስኪመለስ መኪና የሚጠብቅ ልጅ ለጉባኤው ያላቸው ቅርበት አንድ አይደለም። አንደኛው ይመላለሳል፤ ሁለተኛው ይወሰዳል።

በዚህ ላይ የቤተ ክህነቱ መከፋፈል ተጨመረ። ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከተነሡ በኋላ በአገር ቤትና በስደት የቆሙት ሁለት ሲኖዶሶች እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የዋሽንግተን ዕርቅ ድረስ ተለያይተው ቆዩ፤ በየከተማውም ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ገለልተኛ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀ ዘመን በአሜሪካ ያደጉ ልጆች አንድ ዓይነት መዝሙር በተለያየ አጥቢያ ሲዘመር ሰምተዋል፤ የጓደኞቻቸው ቤተሰቦች ለምን ወደ ሌላ ደጅ እንደሚሄዱ ግን በቅጡ ያስረዳቸው አልነበረም። ፍቅርን የሚሰብክ መዝሙር አጥንተው ሲወጡ ሽማግሌዎቹ በመኪና ማቆሚያው ስፍራ ሲነቃቀፉ የሰሙ ወጣቶች የትኛውን ትምህርት ይዘው ወደ ቤታቸው እንደሄዱ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ችግር ከቴክኖሎጂ ጋር የተያያዘ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የመዝሙር ካሴት በስደት ላለው ቤተሰብ ታላቅ ስጦታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ያለ ገደብ በዩቲዩብ ይገኛል። መልካም ነው። ነገር ግን በስቱዲዮ የተዋበው የአንድ ዘማሪ ድምፅ ልጁን አድማጭ አድርጎ ያስቀረዋል። በአንዳንድ ጉባኤያት እንደምንታዘበው፣ መዝሙሩ ከድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወላጆች በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ ጭብጨባ ይሆናል። ስለ ኦርጋንና ስለ ያሬዳዊ መሣሪያዎች የሚደረገው የቆየ ክርክር የራሱ ቁም ነገር አለው። በእኛ አስተያየት ግን ለወጣቱ ጠባይ ከዚያ የሚብሰው አደጋ ከበሮውንም ሆነ ኦርጋኑን የሚመታው ሰው በጉባኤው ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባሉት የሙዚቃ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች እንደ ማኅበረሰቡ ዘብ አድርገው ይገልጿቸዋል፤ የሚጠብቁ፣ የሚያስጠነቅቁ፣ መንገድ የሚያሳዩ ናቸው ማለታቸው ነው። ዘብ ግን ተተኪ ይሻል። ተተኪ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማየት በዚያው በሲያትል ጎረቤቶቻችን ያደረጉትን ልብ ማለት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ፓትሪኔል ራይት በሬኒየር ጎዳና በሚገኘው በፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች የጎስፔል መዝሙር ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ የወጣው ቶታል ኤክስፒሪየንስ ጎስፔል ኳየር እስከ 2018 ድረስ ለ45 ዓመታት ያህል ቆሟል፤ ከከተማው አልፎ በብዙ አገሮች ዘምሯል። ትምህርት ቤቱ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ትምህርት ቤት ነው። ባርነትን ያለፈ ሕዝብ ለልጆቹ በመዝሙር ምን እንዳወረሰ ከማንም በላይ መጠየቅ ያለብን እኛ ስንሆን፣ ለዓመታት በአንድ ሰፈር ኖረን እምብዛም ሳንጠያየቅ መቅረታችን የሚያስቆጭ ነው።

በኢትዮጵያውያኑ ጉባኤያት ውስጥም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ለትንንሾቹ ከበሮ እንድታስጠና፣ ተራ እንድታስይዝ፣ የቀረውን ልጅ ደውላ እንድትጠይቅ ኃላፊነት በተሰጠባቸው ቦታዎች ወጣቶቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላም አይጠፉም። በዓል ሲደርስ ብቻ ነጠላ ለብሰው እንዲሰለፉ በሚጠሩባቸው ቦታዎች ግን ኮሌጅ ሲገቡ ጉባኤው ያበቃላቸዋል።

የቀረው ከባዱ ጥያቄ የቋንቋ ነው። ልጆቹ የማያውቁትን ቃል መዘመራቸው ምን ይጠቅማል? በእንግሊዝኛስ ለምን አይሆንም? የቅብጥ ክርስቲያኖች በአሜሪካ በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በቅብጥኛ እያፈራረቁ ይዘምራሉ። ለአማርኛው መዝሙር ተመሳሳይ መንገድ መከተል የሚከለክል ነገር አይታየንም። የያሬድ ዜማ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገረው የዜማ ምልክት ከንባቡ ጋር የተሰፋ ነው። ከድፋት፣ ከሂደትና ከቅናት ሌላ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ፊደላት ከታወቁ የግዕዝ ዜማዎች የተወሰዱ አሕጽሮት ናቸው፤ ንባቡ ሲለወጥ ምልክቱ የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ ድጓውን ተርጉሞ ማዜም የሚቻል አይመስለንም። የሚቻለው ዜማውን በግዕዝ ይዞ ትርጉሙን ከዜማው በፊት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነው። ይህም በሳምንት ከምትገኘው የሁለት ሰዓት ልምምድ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ አስረጂም ይፈልጋል። መሪጌታው እንግሊዝኛውን ላያደላድሉት ይችላሉ፤ ወላጁም ግዕዙን አያውቅም። በመካከል ያለችው ከመሪጌታው ግዕዙን፣ ከትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛውን የተማረችው ያችው ከበሮ የምታስጠናው ልጅ ናት። ሥራውን ለእርሷ ለመስጠት የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ መፍቀድ ይኖርበታል።