የሲሊከን ፋብሪካ ሂሳብ

ሴሚኮንዳክተር የሚያመርት ፋብሪካ ወጪው የሚበዛው ገና አንድ ቺፕ ሳይሠራ ነው። ገንዘቡ በብዛት የሚፈሰው ወደ ህንጻውና ወደ ማሽኑ ነው። የሆላንዱ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. የሚሠራው ረቂቅ የብርሃን ማተሚያ አንዱ ብቻ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2022 ለህንጻና ለመሣሪያ ብቻ ወደ 36 ቢሊዮን ዶላር አፍስሷል። የሂሳብ ሠራተኛው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ የወጣውን ይህን ገንዘብ ለየትኛው ዓመትና ለየትኛው ምርት እንደሚያካፍለው መወሰን አለበት።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ሆኖም የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሶላር ሴል ራሱ ሴሚኮንዳክተር ነው። በብቸናና በሞጣ ዙሪያ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ጣሪያ ላይ የሚታየው ፓኔል የተገጣጠመው ከእንዲህ ዓይነት ሴሎች ነው። ሴሉ ራሱ በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። መቀመጫውን ጃፓን ያደረገውና በአሜሪካው ናስዳቅ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበው የሶላር ኩባንያ ቶዮ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አስታወቀ፤ ምርቱንም በ2025 ጀመረ። በዓመት 2 ጊጋዋት ለሚያመርተው የመጀመሪያው ምዕራፍ የተያዘው ገንዘብ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ከቺፕ ፋብሪካ ጋር ሲተያይ ኢምንት ቢሆንም የሂሳቡ ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው።

የመጀመሪያውና ከባዱ ጥያቄ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም የማሽኑን ዋጋ በየዓመቱ በወጪነት ማካፈል ነው። ብቸና ከተማ ያለ የወፍጮ ቤት ባለቤት ወፍጮውን ሲገዛ ድንጋዩንና ቀበቶውን እየቀየረ ብዙ ዓመት እንደሚሠራበት ያውቃል፤ ጤፍ መፍጨት ዘንድሮም የዛሬ አሥር ዓመትም አንድ ነው። የሲሊከን ማሽን እንዲህ አይደለም። ሳይበላሽና ሳያረጅ፣ የተሻለ የአሠራር ትውልድ ስለመጣ ብቻ ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመኑ በመካኒክ ምርመራ አይታወቅም፤ ስለ ወደፊቱ ገበያ በሚደረግ ግምት ይወሰናል። 100 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ማሽን 5 ዓመት ያገለግላል ከተባለ ዓመታዊ ወጪው 20 ሚሊዮን ነው፤ 8 ዓመት ከተባለ 12.5 ሚሊዮን ይሆናል። ከካዝናው የወጣው ገንዘብ ሳይለወጥ ትርፉ በ7.5 ሚሊዮን ያድጋል።

የቺፕ አምራቹ ኢንቴል ያደረገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ የአንዳንድ ማምረቻ ማሽኖቹን ዕድሜ ከ5 ወደ 8 ዓመት ሲያራዝም፣ የዚያ ዓመት የእርጅና ቅናሽ በ4.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ ገለጸ። አስገራሚው ነገር የዚህ ገንዘብ አከፋፈል ነው። 2.6 ቢሊዮኑ የሽያጭ ትርፉን ያሳድጋል፣ 400 ሚሊዮኑ የምርምር ወጪን ይቀንሳል፤ 1.2 ቢሊዮኑ ደግሞ ገና ባልተሸጠው ምርት ዋጋ ላይ ይታያል። የማሽን እርጅና በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫው አይገባም፤ መጀመሪያ በምርቱ ላይ ያርፍና ምርቱ ሲሸጥ አብሮ ይወጣል። ግምቱ ሲስት ምን እንደሚከተልም ይኸው ኩባንያ አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስተኛ ሩብ ዓመት፣ በአብዛኛው ኢንቴል 7 በሚባለው የአሠራር ትውልድ መሣሪያዎች ምክንያት፣ 3.1 ቢሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ በወጪነት መዘገበ።

የኢትዮጵያ ግብር ሕግ እንዲህ ላለው ግምት ቦታ አይሰጥም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ለኮምፒውተር በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 20 ከመቶ፣ በስም ላልተለዩ ሌሎች ሀብቶች 15 ከመቶ ብሎ ቆርጦ አስቀምጧል። በመሆኑም ለባለአክሲዮን የሚቀርበው ትርፍና ለገቢዎች የሚቀርበው ትርፍ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ወደፊት የሚከፈል ወይም የሚታሰብ ግብር ሆኖ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብልሽት ነው። ዋፈር የሚባለው ስስ የሲሊከን ገበታ በቺፕ ፋብሪካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ደረጃዎች ሲያልፍ ወራት ይፈጅበታል፤ ከላዩ ከሚቆረጡት ቺፖች ስንቱ እንደሚሠራ የሚረጋገጠው ግን መጨረሻ ላይ ሲፈተሽ ነው። ለምሳሌ 6,000 ዶላር የፈጀ ዋፈር 600 ቺፕ ቢወጣውና 480ው ቢሠራ፣ የአንዱ ዋጋ 10 መሆኑ ይቀርና 12.50 ይሆናል። ግማሹ ከተበላሸ 20 ዶላር ይደርሳል። የሚጠበቀው ብልሽት በደህናዎቹ ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ከተለመደው ያለፈው ግን የወሩ ኪሳራ ነው። ፋብሪካው በግማሽ አቅሙ ሲሠራም ደንቡ ተመሳሳይ ነው፦ ሥራ ፈትቶ የዋለው ማሽን ወጪ በተመረቱት ጥቂት ዕቃዎች ላይ አይጫንም። ይህ ደንብ ባይኖር ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ በወረቀት ላይ እየተወደደ በሄደ ነበር።

የሶላር ሴል ሂደት ከዚህ ያጥራል። የተገዛው ዋፈር ታጥቦ ገጹ ይሻክራል፣ በከፍተኛ ሙቀት ቦሮን ይሰርግበታል፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን ይለብሳል፤ በመጨረሻም የብር ቅባት በቀጭን መስመር ታትሞበት ይተኮሳል። ከሲሊከኑ ቀጥሎ ዋናው የቁሳቁስ ወጪ ይህ የብር ቅባት ስለሆነ፣ የዓለም የብር ማዕድን ዋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሴሉም ዋጋ ይንቀሳቀሳል። ከተፈተሸ በኋላ ሴሉ በደረጃ ይለያል። ወጪን ለአንደኛውና ለዝቅተኛው ደረጃ እኩል ማካፈል ስለማያስኬድ፣ እንደየሽያጭ ዋጋቸው ማካፈል ይመረጣል። ዋጋቸውም የሚነገረው በፍሬ ሳይሆን በዋት ነው።

ከሁሉም አከራካሪው የክምችት ዋጋ ነው። ዕቃ በወጣበት ወጪ ወይም ተሸጦ በሚያስገኘው የተጣራ ዋጋ፣ ከሁለቱ ባነሰው ይመዘገባል። የማስታወሻ ቺፕ አምራቹ ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2023 የቺፕ ዋጋ ሲወድቅ በአንድ ሩብ ዓመት 1.43 ቢሊዮን ዶላር ከክምችቱ ዋጋ ላይ ሰርዟል። በኋላ ያው ዕቃ ሲሸጥ መዝገብ ላይ ያለው ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ የሽያጩ ትርፍ ከፍ ብሎ ታየ። ዋጋው ሳይሸጥ ቢያገግምስ? እዚህ ላይ ደንቦቹ ይለያያሉ። የአሜሪካው ሥርዓት አንዴ የተሰረዘውን አይመልስም፤ ዓለም አቀፉ፣ በአጭር አጠራሩ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ.፣ እስከ መጀመሪያው ወጪ ድረስ እንዲመለስ ያዛል። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የተቀበለችው በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የሚሠራ፣ ባለቤቱ ግን ሂሳቡን በአሜሪካ ደንብ የሚያቀርብ ፋብሪካ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው አንድ ካርቶን ሴል አዲስ አበባ ለሚቀርበው ሪፖርት አንድ ዋጋ፣ ለናስዳቅ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የምርምር ወጪም ልዩነት አለው፤ የአሜሪካው በጥቅሉ ወዲያው ወጪ ያደርገዋል፣ ዓለም አቀፉ ፍሬ ማፍራቱ የተረጋገጠውን የልማት ክፍል በሀብትነት ያስመዘግባል።

የቀረው የመገበያያ ገንዘቡ ነው። ሞጣ ላይ ፓኔል የሚቸረችር ነጋዴ በብር ገዝቶ በብር ይሸጣል፤ ሂሳቡም በብር ያልቃል። ዋፈር በዶላር አስገብቶ ሴል በዶላር የሚልክ ፋብሪካ ግን አስቀድሞ የሥራ ገንዘቡ፣ ማለትም ሂሳቡን የሚለካበት ዋና መገበያያ፣ የትኛው እንደሆነ መወሰን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የሥራ ገንዘቡ ብር የሆነ ኩባንያ በዶላር ያለበትን ዕዳ በአዲሱ ተመን አስልቶ ልዩነቱን በዚያው ዓመት ኪሳራ ውስጥ ያስገባል። የሥራ ገንዘቡ ዶላር ለሆነው ይህ ዕዳ ምንም ልዩነት አያመጣበትም፤ የሚለዋወጥበት በብር የሚከፍለው ደሞዝና የመብራት ሂሳብ ብቻ ነው። ምርጫው በፈቃድ አይደረግም፤ ዓለም አቀፉ ደንብ የሚያስገድደው ኩባንያው ዋጋውን የሚተምንበትንና አብዛኛውን ወጪውን የሚከፍልበትን ገንዘብ እንዲከተል ነው።