ጆአና ኒውሶምና ባለ 47 አውታሩ ሃርፕ

ሃርፕ በፖፕ ሙዚቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ ቆይቷል። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1967 «ሺስ ሊቪንግ ሆም» ለተሰኘው ዘፈናቸው ሺላ ብሮምበርግን ስቱዲዮ ጠርተው ሃርፕ አስደረደሩ። በ1976 ደግሞ የጃዟ ደርዳሪ ዶሮቲ አሽቢ ስቲቪ ዎንደርን በአንድ ዘፈን አጀበችው። ሁለቱም ደርዳሪዎች ጥበበኞች ነበሩ፤ የመጡት ግን የሌላ ሰው ዘፈን ሊያስውቡ ነው። አሜሪካዊቷ ጆአና ኒውሶም ይህን ልማድ ገለበጠችው። ግጥሙንና ዜማውን ራሷ ትደርሳለች፣ ራሷ ትዘፍናለች፤ ሃርፑም የዘፈኑ ምሰሶ ነው።

መሣሪያውን ማወቅ ሥራዋን ለመረዳት ይጠቅማል። በክራርና በበገና ላይ አውታሮቹ በብርኩማው ላይ አልፈው ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ይጠመዘዛሉ። የሃርፕ አውታሮች ግን ከድምፅ ሳጥኑ ፊት ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ላይኛው አንገት ይወጣሉ። ትልቁ የኮንሰርት ሃርፕ ከሰው ቁመት የማያንስ፣ ወደ 40 ኪሎ የሚመዝንና 47 አውታሮች ያሉት ነው። ደርዳሪው በአውታሮቹ ብዛት እንዳይደናገር የ«ዶ» አውታሮች ቀይ፣ የ«ፋ»ዎቹ ጥቁር ይደረጋሉ። ትንሿ ጣት አጭር በመሆኗ ሥራ የላትም፤ ከእያንዳንዱ እጅ የሚደረድሩት አራት ጣቶች ናቸው።

ከባዱ ሥራ ያለው ግን እግር ሥር ነው። ፒያኖ በአንድ ኦክታቭ 12 ቁልፎች ሲኖሩት ሃርፕ 7 አውታሮች ብቻ አሉት። የጎደለውን የሚሞሉት 7 ፔዳሎች ናቸው። እያንዳንዱ ፔዳል ሦስት ደረጃ አለው፤ አንዱ ደረጃውን ሲለውጥ ስሙን የሚጋሩት አውታሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ። ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኤራር በ1810 በፈጠራ መብት አስመዘገበው። ስለዚህ ለሃርፕ የሚደርስ ሰው እግሩ መቼ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። መሣሪያውን የማያውቅ አቀናባሪ አብዛኛውን ጊዜ አውታሮቹን ከዳር እስከ ዳር በማስጠረግ ይረካል።

ኒውሶም ግን ከልጅነቷ አብራው አድጋለች። የተወለደችው በ1982 ሲሆን ያደገችው ኔቫዳ ሲቲ በምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። በትንሽ ሃርፕ ጀምራ ወደ ባለ ፔዳሉ ተሸጋገረች፤ በኦክላንዱ ሚልስ ኮሌጅም የሙዚቃ ድርሰት ተማረች። ከክላሲካሉ ሥልጠና ጎን ለጎን የምዕራብ አፍሪካን የድርደራ ስልት ቀስማለች። ግራ እጇ በአንድ ምት ሲሄድ ቀኝ እጇ በሌላ ምት የሚሄደው ከዚያ በመጣ ትምህርት ነው። በዚህ ምክንያት ሙዚቃዋ ቤዝ ጊታርና ድራም ሳይኖረው እንኳ አይጎድልበትም፤ ወፍራሞቹ አውታሮች ቤዙን፣ የሁለቱ እጆች ምት ደግሞ የድራሙን ሥራ ይሠራሉ።

የመጀመሪያ አልበሟ «ዘ ሚልክ አይድ ሜንደር» በ2004 የወጣው ድራግ ሲቲ በተባለ የቺካጎ ኢንዲ አሳታሚ፣ ማለትም ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ በሚሠራ ድርጅት ነው። አልበሙ ከሞላ ጎደል ሃርፕና ድምፅ ብቻ ነው። የሕፃን የሚመስለው ሻካራ ድምፅዋ አድማጩን ለሁለት ከፍሎታል፦ ከመጀመሪያው ቃል የወደዳት አለ፤ አንዱን ዘፈን እንኳ መጨረስ ያቃተው አለ።

በ2006 የወጣው «ኢስ» አምስት ዘፈኖች ብቻ ይዞ ወደ 55 ደቂቃ ይዘልቃል። ሃርፑንና ድምፅዋን የቀዳው በሮክ አልበሞቹ የታወቀው ስቲቭ አልቢኒ ነው። እሱ ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ አቀናባሪው ቫን ዳይክ ፓርክስ የኦርኬስትራውን ቅንብር በላዩ ጻፈ። ድሮ በኦርኬስትራ መካከል ጥግ የሚሰጠው ሃርፕ እዚህ ባለቤት ሆነ፤ ኦርኬስትራው አጃቢ። ከዚያ በሦስት ዲስኮች 18 ዘፈኖች የያዘው «ሃቭ ዋን ኦን ሚ» በ2010፣ «ዳይቨርስ» በ2015 ተከተሉ።

ኒውሶምን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው መግቢያው የ2004ቱ አልበም ነው፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ሃርፑም ሳይሸፈን ይሰማል። በመጀመሪያው ዙር ድምፅዋ ቢከብድዎ ይተዉትና የግራ እጇን ብቻ ይከተሉ። ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው።