ነፋስም ሰዓት አለው

በሐረር ሸዋ በር ቆሞ ስለ ባሕር ነፋስ መናገር እንግዳ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የባሕር ዳርቻውን ነፋስም ሆነ በከተማዋ አጠገብ ያለውን የሐኪም ጋራ ነፋሻ አየር የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የፀሐይ ሙቀት በሁሉም ስፍራ እኩል አለመሆኑ ነው።

1 ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4,200 ጁል ያህል ሲያስፈልግ፣ ለደረቅ አፈር 800 ጁል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የብሱ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ይነሣል፤ ቀዝቃዛው የባሕር አየርም ወደ የብስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ይበረታል። ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል።

ካይት በሚባል ሰፊ የጨርቅ ክንፍ እየተሳቡ በውኃ ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ማለዳ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ርቆ ሊወስዳቸው ይችላል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ካይቱን የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

በሐኪም ጋራም ሰማዩ በጠራና ሌላ ብርቱ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ተዳፋቱ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ለመፈተን በእንጨት ጫፍ ላይ ክር አስረን አቅጣጫውን በየሰዓቱ እንመዝግብ። የጀጎል ግንብና ቤቶቹ ነፋሱን ስለሚያውኩት ከሸዋ በር ወጥተን በተዳፋቱ ላይ ገላጣ ስፍራ እንምረጥ። የምናገኘው መዝገብ፣ ስፖርተኛውን ከአደጋ የሚጠብቀውን ዕውቀት ባሕር ሳናይ ያስተምረናል።