ስኳር በሽታ ካለብዎት፣ ዓይንዎ ደህና ቢያይም በየዓመቱ ይመርመሩ

ሐኪምዎ «በዚህ ዓመት ዓይንዎን ተመርምረዋል?» ብለው ሲጠይቁዎት ምን ይመልሳሉ? ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። አንዳንዱ ይህን የሚለው መነጽር ሲያሠራ ፊደል ያነበበበትን ቀን አስቦ ነው። ሌላው ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ሲያድስ የተደረገለትን ፈተና አስቦ ነው። ሐኪሙ የጠየቁት ግን ስለ ሌላ ምርመራ ነው። «አዎ» የሚለው መልስ መዝገብዎ ላይ ይሰፍርና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። ዋናው ምርመራ ሳይደረግ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ ዓመት ያልፋል።

እኔ በአገር ቤት በነርስነት ተመርቄ፣ አሁን በዴንቨርና በአውሮራ በሕክምና አስተርጓሚነት እሠራለሁ። አስተርጓሚ በምርመራ ክፍል ውስጥ የራሱን ሐሳብ መጨመር አይፈቀድለትም። ታካሚው «አዎ» ካለ «አዎ» ብሎ ያስተላልፋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ልናገረው የማልችለውን እዚህ ልንገርዎት።

ለሦስት ዓመት «አዎ» ሲሉ የተረጎምኩላቸው አንድ ሹፌር ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። በአራተኛው ዓመት አንደኛው ዓይናቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሕክምናው ሌላውን ዓይን አዳነላቸው፤ የደማው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ማታ ማታ አያሽከረክሩም።

ስኳር ዓይንን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በዓይናችን ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። የምናየው ነገር ምስል የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሬቲናን የሚመግቡት በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህ የደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከማል፤ ፈሳሽና ደምም ያፈሳሉ። እየቆየ አንዳንዶቹ ይዘጋሉ። ያኔ ዓይን የደም እጥረቱን ለማሟላት አዳዲስ የደም ሥሮችን ያበቅላል። አዲሶቹ ግን ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ፤ ጠባሳ ፈጥረውም ሬቲናን ከቦታው ሊያላቅቁት ይችላሉ።

ይህ በሽታ ዳያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ይባላል። በአሜሪካ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ዓይናቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ስኳር በሽታ በሞራና በግላኮማ የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል።

በአገራችን የምናውቃቸው የዓይን በሽታዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን ያሳውቃሉ። ትራኮማ ይቆጠቁጣል፤ ሞራ እይታን ያደበዝዛል። ስለዚህ «ሳያመኝ ለምን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ?» ማለት ለምደናል። ይህ በሽታ ግን ሲጀምር አያምም፣ ዓይንን አያቀላም፣ እይታንም አይቀንስም። መደብዘዙ ለእርስዎ ሲታወቅ ጉዳቱ ብዙ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ሊያየው የሚችለው የዓይንዎን ውስጥ የሚመለከት ባለሙያ ብቻ ነው።

መቼ ልመርመር?

• ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታ (በአዋቂዎች ላይ የሚበዛው) ካለብዎት፦ በሽታው እንዳለብዎት በታወቀ ጊዜ ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ። ስኳሩ ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል አይጠብቁ።
• ዓይነት አንድ ካለብዎት፦ በሽታው በታወቀ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በየዓመቱ።
• ስኳር በሽታ ኖሮብዎት ለማርገዝ ካሰቡ ወይም ካረገዙ፦ ከእርግዝናው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ። እርግዝና የዓይኑን ጉዳት ሊያፋጥነው ይችላል።
• ጉዳት ከተገኘብዎት፦ የዓይን ሐኪሙ በሚወስኑልዎት ቀን። ይህ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊሆን ይችላል።

ለማስታወስ እንዲመችዎት በየዓመቱ አንድ የታወቀ ሰሞን ይምረጡ፤ ለምሳሌ እንቁጣጣሽን ወይም የልደት ቀንዎን። ለረጅም ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይመርመሩ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ባለሙያው ዓይንዎ ላይ ጠብታ ያደርጋሉ። ጠብታው ትንሽ ያቃጥል ይሆናል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልፋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆይ የዓይንዎ ብሌን ይሰፋል። ከዚያ ባለሙያው በብርሃንና በማጉያ መነጽር የዓይንዎን ውስጥ ይመለከታሉ። ዓይንዎ አይነካም፣ መርፌም የለም። አንዳንድ ክሊኒኮች የሬቲናን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አላቸው። ፎቶው ችግር ካሳየ ወይም ግልጽ ካልሆነ ሙሉውን ምርመራ ማድረግ ይኖርብዎታል።

ከጠብታው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት በቅርብ ማየት ያስቸግራል፤ ብርሃንም ያስቸግርዎታል። የዴንቨር ፀሐይ ደግሞ ኃይለኛ ናት። ስለዚህ፦

• የፀሐይ መነጽር ይያዙ።
• መኪና አያሽክርክሩ። ሰው ያድርስዎ ወይም በአውቶቡስ ይሂዱ። የኮሎራዶ ሜዲኬይድ ካለዎት ወደ ሕክምና የሚያደርስ መጓጓዣ ስለሚሰጥ አስቀድመው ይጠይቁ።
• መጾም አያስፈልግም። ምግብዎንና የስኳር መድኃኒትዎን እንደወትሮው ይውሰዱ።
• የመድኃኒቶችዎን ዝርዝርና መነጽርዎን ይዘው ይሂዱ።

ሥራዎ ማሽከርከር ከሆነ ቀጠሮውን በእረፍት ቀንዎ ያስይዙ። የአንድ ቀን ገቢ መቅረቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያን ገቢ የሚያመጣልዎት ግን ዓይንዎ ነው።

ችግር ቢገኝብኝስ?

ጉዳቱ ገና ከሆነ ሐኪሙ በቅርብ እየተከታተሉት ስኳርዎንና የደም ግፊትዎን ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከገፋ ሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልግ ይሆናል። «መርፌ በዓይን» ሲባል የብዙዎች ልብ ይደነግጣል። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ዓይኑ ይደነዝዛል፤ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ትንሽ መጫን ብቻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ይወቁ። ሕክምናው በዋናነት ያለዎትን እይታ ለማቆየት ነው፤ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። በጊዜ ከተገኘ ግን ከባድ የእይታ ማጣትን አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ይቻላል።

የሦስት ወር የስኳር መጠንን የሚያሳየው «ኤ ዋን ሲ» የተባለው ምርመራ ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። የእርስዎ ግብ ስንት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። በጾም ወይም በጸበል ወቅት መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ከመጀመርዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ቅጠላ ቅጠልም ሆነ ሌላ ያልታዘዘ ነገር ዓይንዎ ውስጥ አይጨምሩ።

ወጪውን ማን ይከፍላል?

ይህ ምርመራ ለስኳር በሽታ የሚደረግ ሕክምና ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በጤና ኢንሹራንስ ነው እንጂ በመነጽር ኢንሹራንስ አይደለም። ሜዲኬር ፓርት ቢ ስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ይሸፍነዋል፤ የተወሰነው ድርሻ ግን በታካሚው ይከፈላል። ኢንሹራንስ ከሌለዎት፣ በፓርክ ሂል እንደሚገኘው የዴንቨር ሄልዝ የቤተሰብ ጤና ማዕከል ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከሎች ክፍያን እንደ ገቢ መጠን ይቀንሳሉ። ቀጠሮ ሲይዙ «በገቢዬ መሠረት ቅናሽ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

አስተርጓሚ መብትዎ ነው

እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ልጅዎን አያስተርጉሙ። ልጁ የሕክምና ቃላትን ላያውቅ ይችላል፤ መጥፎ ዜናንም ለወላጁ መንገር የልጅ ሸክም አይደለም።

ስልክ ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ይበሉ። የሚፈልጉትን ምርመራ ለመጠየቅ ደግሞ «ዳያቤቲክ አይ ኤግዛም» ይበሉ።

ወዲያው ይደውሉ

ከሚከተሉት አንዱ ከታየብዎት የዓመቱን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለክሊኒክዎ ይደውሉ፦

• በድንገት የሚታዩ ብዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር፣
• እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ብርሃን፣
• እይታዎን እንደ መጋረጃ የሚሸፍን ጥላ፣
• ድንገተኛ መደብዘዝ።

አንድ ዓይንዎ በድንገት ጭራሽ ማየት ካቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ ወይም 911 ይደውሉ።

ከምርመራው ሲወጡ

ሦስት ነገር ጠይቀው ይውጡ፦ «ዓይኔ ላይ ጉዳት አለ? ካለስ ምን ያህል ነው? መቼ ልመለስ?» ውጤቱ ለመደበኛ ሐኪምዎ እንዲላክም ይጠይቁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪምዎ «ዓይንዎን ተመርምረዋል?» ሲሉዎት፣ ጠብታ ተደርጎልዎት ወይም ሬቲናዎ ፎቶ ተነስቶ እንደሆነ ያስታውሱ። ካልሆነ መልስዎ «አይ፣ አልተመረመርኩም» ይሁን። እኔም እንዳሉት እተረጉመዋለሁ፤ ሐኪሙም ወደ ዓይን ምርመራ ይልክዎታል።